መድረክ ላይ የተጣራሁት ወንድሜ

ወገኖች፣ ሻባት ሻሎም! የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ፈልጌ ፓስተራችንን ፈቃድ ጠይቄ ነው የቆምኩት። ፈቅዶልኛል፤ ግን "ይታይሽ፣ አደራ እንዳታስረዝሚው" ብሎኛል። ቲያትረኛ መሆኔን ስለሚያውቅ ፈርቶ ነው። እኔም አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ። እኔ ስፈልግ ማልቀስ እችላለሁ። ከዚህ ተነሥቼ እዚያ ወንበር ጋ እስክደርስ እንባዬ ይመጣል፤ ተምሬዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ ባለቅስም እንባዬን አትመኑ፤ ነገሩን ስሙ። ሃሌ ሉያ!

የማታውቁኝ አላችሁ። ኤይን ሀትኽሌት ሰፈር ነው የምኖረው፣ ከእናቴ ጋር። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ እሠራለሁ፤ የልጆች አፍንጫ ስጠርግ ነው የምውለው። ከአዲስ አበባ ወደዚህ ወደ ኢየሩሳሌም አገር በአውሮፕላን ስንመጣ ልጅ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ስገባ መምህርቷ ይታይሽ ማለት ከበዳትና ያኤል ብላ ጠራችኝ። ቤት ይታይሽ፣ ውጭ ያኤል። ሁለቱም ስሞች የእኔ ነበሩ፤ እኔ ግን የማን እንደሆንኩ አላውቅም ነበር።

ወንድሜ ሙላት ታላቄ ነው። አያ ሙላት ነበር የምለው። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ አባትም የሆነኝ እርሱ ነው። አዲስ አበባ ሆነን ተራችንን ስንጠብቅ ሚስቱንና ልጁን ሊያመጣ ወደ ጎንደር ተመለሰ። እርሱ እዚያ እያለ የእኛ መሄጃ ደረሰ። እናቴ "ልጄ ሳይመጣ አልነቃነቅም" ብላ በር ይዛ ነበር፤ ጎትተው ነው ያስገቧት። "በሚቀጥለው ይመጣል" አሏት። ሊመጣ ነው፣ ሊመጣ ነው ሲባል ጎንደር ላይ ፀጉሩ ሸበተ።

ዓርብ ዓርብ ሻባት ሳይገባ እንደዋወል ነበር። "ይታይሽ፣ ጸለይሽ?" ይለኛል። "ጊዜ አላገኘሁም አያ" እለዋለሁ። "ግድ የለም፣ ያንቺንም እኔ እጸልያለሁ" ይለኛል። ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። እንዲያ ነበርን።

እንግዲህ ወደ ቲያትሩ ልምጣ። ማትናስ የምንለው የሰፈራችን የባህል ቤት የቲያትር ትምህርት ከፈተ። አስተማሪዋ ሪና ትባላለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ፣ ግን የማትለቅ ሴት ናት። "የራስሽን ታሪክ ብቻሽን ትጫወቺዋለሽ" አለችኝ። የአንድ ሰው ቲያትር ነው። መድረኩ ላይ እኔ፣ አንድ ወንበርና አንድ ስልክ፤ ሌላ ምንም የለም።

መጀመሪያ በመንደራችን ወደ ኢየሩሳሌም ዞራ የምትሰግደውን ልጅ እጫወታለሁ። ከዚያ እዚህ አዳሪ ትምህርት ቤት የገባችውን፣ ጓደኞቿ "እውነት አንቺ አይሁዳዊት ነሽ?" የሚሏትን። መጨረሻ ላይ ያቺው ልጅ አድጋ፣ ማን እንደሆነች ግራ ገብቷት፣ ጎንደር ወንድሟ ጋ ትደውላለች። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። "አያ ሙላት፣ አንሣ እንጂ! ሞተሃል እንዴ?" ትላለች። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞር ትልና "እግዚአብሔርም እንደ ወንድሜ ነው፤ ይጠራል፣ አያነሣም" ትላለች። መብራት ይጠፋል።

ሪና ይህን ስትሰማ "በእርግጥ የምታምኚው ይህን ነው?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። "እንግዲያው እርሱኑ በዪ" አለችኝ። እምነቴ በሙሉ ይኸው ነበር፣ ወገኖች። እግዚአብሔር የለም አላልኩም። አለ፤ ግን አያነሣም አልኩ።

አያ ሙላትም በዚያ ሰሞን እውነትም አያነሣም ነበር። እዚያ አገር ጦርነት ስለነበረ መስመሩ ይጠፋል። አንዳንድ ሳምንት ይገኛል፣ አንዳንዴ ወር ሙሉ ይዘጋል። አጎቴን አባ ካሳን "ምን ሰሙ?" እላቸዋለሁ። "ኔትወርክ የለም ልጄ" ይሉኛል። እኔም አመንኩ። ሁላችሁም ያን ጊዜ እንደዚያው አልነበራችሁም እንዴ?

መጀመሪያ ባሳየንበት ምሽት "ሞተሃል እንዴ?" ስል ሕዝቡ ሳቀ። ማሳቂያ እንዲሆን ነበር የተጻፈው። ከፋሲካ በኋላ በድጋሚ ስናሳይ ግን፣ እዚያው ቦታ ላይ ስደርስ ሳቅ የለም።  ከዚያ አንዲት ሴት ዋይ አለች። ሌላዋ ተከተለች። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወጡ። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። መብራት ሲበራ ሪና "ምን ለወጥሽ?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። "እንግዲያው አድገሻል" አለችኝ።

እኔም አደግሁ ብዬ አመንኩ! ወሬው ወደ ሌሎች ከተሞች ወጣ። ከሐዴራ ጠሩን፣ ከረሆቮት ጠሩን፣ ከአፉላ ጠሩን። በሄድንበት የእኛ ሰው አዳራሹን ይሞላል፣ እዚያች ቦታ ላይ ያለቅሳል። ሲወጡም እጄን ጨብጠው "አይዞሽ" ይሉኛል። "ጎበዝ" ማለታቸው መስሎኝ ነበር።

እናቴም አንድም ቀን አልቀረችም። መኪና ያማታል፤ መንገድ ላይ ታስመልሳለች፤ ግን ትመጣለች። ፊተኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። "እማ፣ ያየሽው ነው እኮ፣ ቤት ዕረፊ" ስላት "ልይ" ብቻ ትላለች። በዚያ ሰሞን ዐይኗ ቀልቶ አላስከፍት ብሏት ነበርና ቁፓት ሆሊም፣ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ዶክተሩ አየና ወደ እኔ ዞሮ በዕብራይስጥ "ዐይኗ ጤነኛ ነው፤ ደርቋል እንጂ። ብዙ ታለቅሳለች?" አለኝ። "እናቴ? እናቴ አታለቅስም" አልኩት። የሚያርስ ጠብታ ሰጠን። ማታና ጠዋት እኔው ነበርኩ የማደርግላት። አንገቷን ቀና ታደርግልኛለች፤ ከዐይኗ ሲፈስ በነጠላዋ ትጠርገዋለች። 

ከሱኮት፣ ከዳስ በዓል በኋላ ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ለሥራ ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ስከፍት አባ ካሳ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ወገኖች፣ ለእኛ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይነገራል? ዞር ብዬ እናቴን አየኋት፤ አለች፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። "ማን ነው?" አልኩ።

"ልጄ፣ እግዜር ያጥናሽ። ሙላት አርፏል" አሉ።

"መቼ?"

 ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ።

"አባ ካሳ፣ መቼ ነው?"

"ከፋሲካ በፊት ነው። ኩላሊቱን ታሞ" አሉ።

ከፋሲካ በፊት! ሐዴራ ላይ "አያ ሙላት፣ አንሣ እንጂ" ስል ተቀብሮ ነበር። ረሆቮት ላይ "ሞተሃል እንዴ?" ስል አዳራሽ ሙሉ ሰው መልሱን ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ፣ መብራት የበራብኝ እኔ ብቻ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሐዘን አልነበረም የቀደመኝ። እፍረት ነው የቀደመኝ።

"ለምን አልነገራችሁኝም?" አልኩ። አባ ካሳ ከልባቸው አዝነው "ቲያትርሽ ይለቅ አልን። ሊያልቅ ነው ስንል ከሌላ ከተማ ይጠሩሻል። መድረክ ላይ የሚቆም ሰው እንዴት መርዶ ይነገረዋል? እናትሽም አትንገሯት አለች" አሉኝ። ወገኖች፣ በክፋት አይደለም። ይህን የምናደርገው በፍቅር ነው። ያረገዘች ከሆነች እስክትወልድ፣ ተማሪ ከሆነ ፈተናውን እስኪጨርስ እንላለን። የወደድነውን ሰው እናታልለዋለን።

ለቅሶው ደግሞ እንዲህ ሆነ። ሃይማኖተኛ የሆኑ አንድ ጎረቤት፣ መልካም ሰው ናቸው፣ "ሞቱ ከሠላሳ ቀን በኋላ ለተሰማ ወንድም ሕጉ ሰባት ቀን መቀመጥ ሳይሆን አንድ ሰዓት ነው" አሉን። ሕጉም እንደዚያው ነው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በአገራችን እንዲህ ያለ የለም፤ ግን እሺ ተባለ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሰው መጣ። ሁሉም ቀድሞ ያለቀሰ ሰው ነው፤ እንባው አልቋል። እኔን ያያሉ። እኔም እንባዬን ጠበቅሁት። ለቲያትር ሲሆን ወንበር ጋ ሳልደርስ የሚመጣ እንባ፣ ለወንድሜ ሲሆን አልመጣም። አንዱ የግድግዳውን ሰዓት አየ። አንድ ሰዓቱ ሞላ። ተነሡ፣ "እግዜር ያጥናሽ" ብለው ወጡ። አያ ሙላት በአንድ ሰዓት አለቀ።

አንዲት ሴት ግን አልተነሣችም። ጥሩወርቅ ናት፣ እዚህ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንገቷን የደፋችው። ቀና በይ እንጂ፣ ጥሩወርቅ! ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ በጽዳት ትሠራለች። ጌታ ኢየሱስን የምታምን መሆኗን ሕንጻው ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህም አንዳንዱ ሰላምታ አይሰጣትም። ሰው ሁሉ ሲወጣ መሬት ላይ አጠገቤ ቀረች።  ሥራ የምትገባበት ሰዓት ደርሶ እስክትሄድ ተቀምጣ ዋለች። ጌታ ይባረክ!

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጨለማ በምን ልንገራችሁ? ቀጠሮ የተያዘለት አንድ ትርኢት ነበረ፤ ሄጄ ሠራሁት። መድረክ ላይ እንባዬ ጎረፈ! ቤት ስገባ ደረቅሁ። ያን ጊዜ ፈራሁ። "ይህቺ ሴት ውስጧ ባዶ ነው፤ ይታይሽም የለችም፣ ያኤልም የለችም፣ ያለችው ተጫዋቿ ብቻ ናት" አልኩ። ቲያትሩን ተውኩት። ሪና ስትደውል አላነሣም። ሥራም ቀረሁ። መጋረጃ ዘግቼ እተኛለሁ። የሄድኩባት ሐኪም "ድብርት ነው" አለችኝ፤ መድኃኒት ሰጠችኝ፣ ወሰድኩ፤ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ከአልጋ አስነሥቶኛል። ያኔ የሚያስፈራኝ ሐሳብ ሁሉ ይመጣብኝ ነበር፤ ለእርሷ መናገሬ በጀኝ። ከእናቴ ጋር ግን መነጋገር ተውን። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ሙት በመካከላችን፣ ማንም ስሙን አይጠራም። "ሻይ ላፍላልሽ?" "ተይው።" ይህ ነበር ጨዋታችን።

ጥሩወርቅ ከሥራ ስትመለስ ትገባለች። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ። "የእኔ ጌታ መርዶ አይደብቅም። ያ ወዳጁ፣ የሁለቱ እኅትማማቾች ወንድም የሞተ ጊዜ፣ ደቀ መዛሙርቱ ተኝቷል መስሏቸው ነበር። አላታለላቸውም። ሞቷል ብሎ በግልጥ ነገራቸው። ከዚያ ሄዶ መቃብሩ ዘንድ አለቀሰ።"

እኔ ምላሴ እንደምታውቁት ነው። "ዘግይቶ ደረሰ አይደል? እንግዲያው እርሱም እንደ አጎቴ ነው" አልኳት።

ሳቀች። "እኅቶቹም ብለውታል። አንተ ብትኖር ኖሮ አይሞትም ነበር ብለው ፊት ለፊት ነው የወቀሱት። እርሱም አልተቆጣም። ነይና አንቺም ውቀሺው" አለችኝ።

ልወቅሰው ነው የመጣሁት፣ ወገኖች! ለመዳን አልመጣሁም። ይህቺው አዳራሽ ናት፤ እዚያ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ቶሎ ለመውጣት እንዲመቸኝ። እናንተ ትዘምራላችሁ። እኔ በልቤ "አንተ ታነሣለህ አሉኝ። እስቲ አንሣ። የት ነበርክ? ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ የራሱንም የእኔንም ሲጸልይ የት ነበርክ?" እለዋለሁ። ድምፅ አልሰማሁም። ራእይም አላየሁም። ከአፌ ግን አንድ ነገር ወጣ። "ሙላት ሞቷል" አልኩ። እስከዚያ ቀን ይህን ቃል እኔ ራሴ ብዬው አላውቅም ነበር፤ ሌሎች ናቸው ያሉኝ።

እንባው ያን ጊዜ መጣ። ሳልጠራው መጣ! ቲያትር ላይ የሚያምረው ዓይነት አይደለም፤ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ አገጬ እየተንቀጠቀጠ፣ ወንበሩን ይዤ። ይህን ሪና አላስተማረችኝም። ያኔም ብቻዬን እንዳላለቀስኩ ዐወቅሁ። እንዴት ዐወቅሽ ብትሉኝ ማስረዳት አልችልም። የሚያውቅ፣ የማይደብቅ፣ ግን አብሮ የሚያለቅስ አጠገቤ ነበረ። ጥሩወርቅ እጄን ይዛ ጸለየች፣ እኔም ጌታ ኢየሱስን "ግባ" አልኩት። ስሙ ይባረክ! እነሆ ማን እንደሆንኩ ዐወቅሁ። የሙላት እኅት ነኝ፣ ወንድሜ ሞቶብኛል፣ ጌታም ያውቀኛል። ከዚህ በላይ ማወቅ አላስፈለገኝም።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከቤታችን ወጣሁ። ጥሩወርቅ ከፎቅ ወረደችልኝ። ከዚያ የገዛ ቤቴን በር አንኳኳሁ።

እናቴ ከፈተች። አየችኝ፣ ነጠላዬን አየች።

"እማ፣ እግዜር ያጥናሽ። ልጅሽ ሙላት ሞቷል" አልኳት።

እናንተ ሆይ፣ የምታውቀውን ነው የነገርኳት! ከእኔ በፊት የምታውቀውን። ግን በሩ ላይ ቁጭ አለች። "ማንም በወጉ አልነገረኝም" አለች። "በስልክ ነው የሰማሁት። ወጥ እየሠራሁ። አንቺ ልትገቢ ነበር፣ ፊቴን ታጠብኩ።" ከዚያ "ልጄን! ሙላቴን!" ብላ ጮኸች። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ደረቷን ስትመታ እጇን ያዝኩት፣ ታቀፍኳት።

ስትበርድ "እማ፣ ያን ሁሉ ወር እንዴት ቻልሽው?" አልኳት።

"የትስ ላልቅስ?" አለች። "ቤት አንቺ አለሽ። አንቺ የምትሠሪበት ግን ጨለማ ነው፣ ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ ምን ሆነሽ የሚለኝ የለም። እዚያ ነው ልጄን ያለቀስኩት። አንቺ ስሙን ስትጠሪልኝ።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰው ወደ ሐዴራና ወደ አፉላ የመጣው ቲያትር ሊያይ አልነበረም። ለቅሶ ሊደርስ ነበር። "አይዞሽ" ያሉኝ ሁሉ ሐዘኔን እየደረሱኝ ነበር። አልቃሽዋ እኔ ነበርኩ፤ ለማን እንደማለቅስ ያልተነገረኝ አልቃሽ። እኔ ባፈርኩበት ነገር ላይ ጌታ ለእናቴ የለቅሶ ቤት ሠርቶላት ነበር። ያን ሳላውቅ እርሱን አያነሣም ብዬ በየከተማው እናገር ነበር!

ከእናቴ ጋር ሰባቱንም ቀን ተቀመጥን። ሕጉን የሚያውቁት ጎረቤታችንም መጥተው አብረውን ተቀመጡ፤ ስለ ሰዓት አላነሡም።

አሁን ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ጌታ የእነዚያን እኅትማማቾች ወንድም አስነሣ፤ የእኔን አላስነሣውም። ሚስቱና ልጁ ዛሬም ጎንደር ሆነው ይጠብቃሉ። አባ ካሳ እዚህ መምጣቴን ከሰሙ ወዲህ ቤታችን አይገቡም፤ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ጎንበስ ብዬ እሳለማለሁ፣ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ያመኛል። እናቴም "እኔ የአባቶቼን እምነት ይዤ እሞታለሁ" ብላለች። ግን ከዚህ ስመለስ "ዛሬ ምን ተባለ?" ትለኛለች፤ አወራላታለሁ። ቲያትሩንም እንደገና ጀምሬዋለሁ። ስልኩን ከመድረክ አውጥቼዋለሁ። አሁን መጨረሻ ላይ ወንድሜ መሞቱን ለሕዝቡ እናገራለሁ፣ የማምነውንም እናገራለሁ። እንደ ድሮው ብዙ አይጠሩኝም። ሪና ግን "አሁን አንቺ ነሽ" ብላኛለች። ለዚህ ሁሉ ጌታ ይመስገን። ከነሐዘኔ አመሰግነዋለሁ።

ፓስተር እያየኝ ነው፤ ልጨርስ።

ወገኖች፣ ጌታን እመኑት። ሙታችሁን ያስነሣላችኋል ብዬ ቃል አልገባም። ግን አያታልላችሁም፤ ብቻችሁንም አያስለቅሳችሁም። ይህን እኔ ቀምሼዋለሁ። እዚህ የተቀመጥነው ከጎንደር ወሬ የሚደርሰን ሰዎች ነን። ከመካከላችሁ አንድ መርዶ የያዛችሁ አላችሁ፤ ዐውቃለሁ። ለእናት፣ ለእኅት፣ ለሚስት ያልነገራችሁት። "ይቆይ፣ አሁን አትችልም" ያላችሁት። እጃችሁን አንሡ። ነገ ጎሕ ሲቀድ አብሬያችሁ እመጣለሁ፤ ጥሩወርቅም ትመጣለች። አይዟችሁ፣ አንሡ። ጌታ እንደሆነ ያውቀዋል፤ ያላወቀች እርሷ ብቻ ናት።